ስም አለበት እንዴ?

ሐሙስ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ፈለቀ ናቸው። ጋሽ ፈለቀ ለደህና ነገር ደውለውልኝ ስለማያውቁ "ሄሎ" ሳልል "ማን ሞተ?" አልኳቸው።

"ሮማን፣ ጋሽ አጥናፉ አረፉ" አሉኝ። ደግሞም "ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ቂርቆስ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ትጽፊና ታነቢያለሽ" ብለው ጨመሩ።

"እኔ? ማን አለ?"

"አንዳንድ ሰዎች።"

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ጋሽ ፈለቀ ደነገጡ መሰለኝ፣ "ምነው ልጄ?" አሉ። ምን ልበላቸው? ይቺን "አንዳንድ ሰዎች" የምትባል ነገር ለእድሩም፣ ለግቢያችንም፣ ምናልባትም ለግማሽ ካዛንቺስ ያስተማሩት እኚሁ የሞቱት ሰውዬ ናቸው። እሳቸው ሄደው ቃላቸው በእድር ሰብሳቢ አፍ ትዞራለች።

ጋሽ አጥናፉ በጃንሆይ ጊዜ ጋዜጠኛ ነበሩ። እኔ ሳውቃቸው ጡረታ ወጥተው ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ የፊት ለፊቷ ቤት ይኖሩ ነበር። ግቢው ሰባት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት ነው። እሳቸው ቧንቧ ጋ ባልዲ ይዘው ሲወጡ እንኳ ከረባት አስረው ነው። እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አይጠፋም። ያቺን ቃል ሊናገሩ ሲሉ ደግሞ ሁሌም አንድ ነገር ያደርጋሉ፦ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ዓይናቸውን ወደ ጣራ ይሰቅላሉ። ጣራ ከሌለ ወደ ሰማይ። ማንንም እንዳያዩ ነው። እኛ ልጆቹ ቀና ሲሉ ባየን ቁጥር "መጣች! መጣች!" እያልን በክርናችን እንጎሻሸማለን።

"ያኔ ጋዜጣ ላይ ሚኒስትር አይሳሳትም ነበር" ይሉኛል። "ዳይሬክተር አይሳሳትም፣ አገረ ገዥ አይሳሳትም። የሚሳሳቱት 'አንዳንድ ሰዎች' ብቻ ነበሩ።"

እውነታቸውን ነው። አልጋቸው ሥር ያስቀመጧቸውን የቆዩ ጋዜጦች አብረን ስናገላብጥ አይቻለሁ። አንዳንድ ሰዎች ወተት ላይ ውሃ ይጨምራሉ። አንዳንድ ሾፌሮች እግረኛ ላይ ጭቃ ይረጫሉ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ባለጉዳይ ያጉላላሉ። አንዳንድ ወጣቶች ሲኒማ ቤት ውስጥ ያፏጫሉ። ገጽ በገለጥን ቁጥር እነዚሁ "አንዳንዶች" ናቸው፤ ያን ሁሉ ጥፋት አጥፍተው አንዳቸውም አልተያዙም።

"ወተት ሻጯን ያውቋት ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እንዴታ! ጎረቤቴ ነበረች።"

"ታዲያ ስሟን ለምን አልጻፉም?"

"ስሟን ብጽፍ የምትጣላኝ እሷ ብቻ ናት። 'አንዳንድ' ብዬ ስጽፍ ግን በማግስቱ የከተማው ወተት ሁሉ ወፈረ። ሁሉም እኔን ነው አለ፣ ገባሽ?"

ገብቶኛል። ለእኔማ ከዚህ የበለጠ ብልጠት ዓለም ላይ አልነበረም።

ክፋቱ ቃሏ ከጋዜጣው ጋር ጡረታ አልወጣችም። ምላሳቸው ላይ ቀረች። አንድ ጊዜ ጉልበታቸውን አሟቸው ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟ "አባባ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?" ብትላቸው ወደ ጣራ ቀና አሉና "አንዳንድ ቦታ" አሏት። ልጅቷ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። "ጉልበታቸው ነው" አልኳት። ስንወጣ ተቆጡኝ። "አንቺ መቼም ስም መጥራት ትወጃለሽ!"

ሚስታቸውን እትዬ አስካለን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለትዳር የጠየቋቸውም እንደዚሁ ነው። ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አቁመዋቸው፣ ሰማይ ሰማይ እያዩ "አንዳንድ ወጣቶች ትዳር ለመያዝ ያስባሉ" አሏቸው። እትዬ አስካለም "ለአንዳንድ ወጣቶች መልስ የለኝም፤ እኔን የሚፈልግ በስሜ ይጥራኝ" ብለው ጥለዋቸው ሄዱ። "'አስካለ' ለማለት ሦስት ወር ፈጀበት እኮ!" እያሉ እስኪሞቱ ድረስ ሲስቁባቸው ኖሩ። ጋሽ አጥናፉ አብረው ይስቃሉ፤ ግን ጆሯቸው ይቀላል።

የግቢያችንን ሽንት ቤት ነገር ካልነገርኩማ እሳቸውን አልነገርኩም። አንድ ሰሞን ሽንት ቤቱ ከመቆሸሹ የተነሳ አላስገባ አለ። ስብሰባ ተጠራ፣ ተሰዳደብን፣ ወፍ የለም። አንድ ጠዋት በሩ ላይ የማተሚያ ፊደል በሚመስለው የጋሽ አጥናፉ ጽሕፈት "አንዳንድ ተከራዮች ተጠቅመው ውሃ አይደፉም" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እትዬ በላይነሽ፣ የጓሮዋ ጎረቤታችን፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጋሽ አጥናፉ ደጅ ቆሙ።

"ጋሽ አጥናፉ፣ እኔን ነው? ቁርጡን ይንገሩኝ!"

ጋሽ አጥናፉ ቀና አሉ። "አንዳንድ ነው የሚለው። ስም አለበት እንዴ?"

ከእትዬ በላይነሽ በኋላ የእኔ አባት ሄደ። ከአባቴ በኋላ ሌሎች አራት ሰዎች። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፦ "ስም አለበት እንዴ?" ሁሉም እየተብሰለሰለ ተመለሰ፤ ለአንድ ወር ሽንት ቤቱ ጸድቶ ሰርግ ቤት መሰለ። አጥፊውን እስከ ዛሬ አላወቅነውም። እኔ ግን አንዴ ጋሽ አጥናፉ ራሳቸው ከሽንት ቤቱ ያለ ባልዲ ሲወጡ አይቻቸዋለሁ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እንግዲህ በዚህ ሰው እጅ አድጌ ምን ልሆን ነበር? የአንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ሆንኩ። በየወሩ ለሠራተኛው የምናዘጋጃት አራት ገጽ መጽሔት አለች። ባለፈው ክረምት "አንዳንድ ሠራተኞች ጠዋት ፈርመው ይጠፋሉ" ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ሁሉ ለምሳ እንኳ ከወንበሩ አልተነሳም! እንዴት ኮራሁ መሰላችሁ። መጽሔቷን ይዤ እየበረርኩ ጋሽ አጥናፉ ጋ ሄድኩ። ያኔ የካዛንቺስ ግቢያችን ፈርሶ እኔ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ፤ እሳቸው ቂርቆስ ልጃቸው ምሥራቅ ቤት ናቸው።

አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። "ማንን ነው?" አሉኝ።

እኔ ሞኟ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ጣራውን አየሁና በራሳቸው ድምፅ "ስም አለበት እንዴ?" አልኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

"ይቺን መልስ መጀመሪያ ከእኔ የሰማት ሙሉነህ ነው" አሉ። ስለ ሙሉነህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሙሉነህ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ያኔ ጋዜጣ የሚዘጋጀው ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል አንድ በአንድ ከሳጥን እየተለቀመ፣ እየተደረደረ ነው። የጋሽ አጥናፉን ጽሑፍ ሁሉ የሚለቅመው እሱ ነው። ጓደኛሞች ነበሩ፤ ለገሃር አንዲት ምግብ ቤት ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። ያን ሰሞን ከማተሚያ ቤቱ ወረቀት በጥቅል በጥቅሉ ይጠፋል። የሚሸጠው የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የዳይሬክተሩ ሚስት ወንድም መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ጋሽ አጥናፉ አሰቡ፣ አሰቡና "አንዳንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ወረቀት ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ" ብለው ጻፉ። ጽሑፉ እንደ ልማዱ ሙሉነህ ጋ ወረደ።

"ሙሉነህ የሚጣለውን ቁርጥራጭ ወረቀት ለልጁ መጻፊያ ይወስድ ነበር" አሉኝ ጋሽ አጥናፉ። "የሚጣለውን እኮ ነው! እኔ ትዝም አላለኝ። ያቺን መስመር በገዛ እጁ፣ ፊደል በፊደል ለቀማት። ከዚያ እጁ እንደጠቆረ ደረጃውን ወጥቶ መጣና 'አጥናፉ፣ እኔን ነው?' አለኝ።"

"እርስዎስ?"

"የዳይሬክተሩ በር ክፍት ነበር። 'አይደለህም' ካልኩት 'ታዲያ ማንን ነው?' ሊከተል ነው። ጣራውን አየሁና 'አንዳንድ ነው የሚለው፤ ስም አለበት እንዴ?' አልኩት።"

ሙሉነህ ወርዶ የቀረውን ጽሑፍ አንድ ስህተት ሳይገኝበት ለቅሞ ጨረሰ። እጁን ጠረገ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ወጣ። ተመልሶ አልመጣም። ማተሚያ ቤቱም "እሱ ባይሆን ለምን ይሄድ ነበር?" አለና በዚያው የወረቀት ሌባ ተባለ። ያ የዕቃ ክፍል ኃላፊ ግን ግብዣ ተደርጎለት ነው ጡረታ የወጣው።

እኔ ቁጣዬ አልበርድ አለኝ። "አንድ ቃል!" አልኳቸው። "'አይደለህም' ማለት አቅቶዎት? ሰው እንደዚህ ይደረጋል? አሁን የት ናቸው?"

"ላንቻ።"

"የት?! እኔ ባሕር ማዶ ያሉ መስሎኝ! ላንቻማ ከዚህ በእግር ይደረሳል!"

ጋሽ አጥናፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንዳንድ መንገዶች..."

"ኧረ ይተዉኝ ጋሼ! ቅዳሜ እንሄዳለን፣ በቃ።"

ሄድን። ጋሽ ሙሉነህ የልጃቸው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለው ያገለግላሉ። ቀጭን ናቸው፣ ጠጉራቸው ጥጥ መስሏል፣ ደብተሮቹን በጠርዛቸው አስተካክለው ይደረድራሉ። ጋሽ አጥናፉ ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ ገቡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጣራውን አዩ።

"አንዳንድ..." አሉ። ከዚያ "እስክሪብቶ አለ?"

"ምን ዓይነት?" አሉ ጋሽ ሙሉነህ።

"ሰማያዊ።"

ገዝተው ወጡ! መንገድ ላይ ልፈነዳ ደረስኩ። "አላወቀኝም እኮ" ይሉኛል ደግሞ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድን፤ ሰማያዊ እስክሪብቶ። በሚቀጥለውም ሰማያዊ እስክሪብቶ። አራተኛው ላይ ደፈሩና ደብተር ጨመሩ። ቤታቸው እስክሪብቶ በእስክሪብቶ ሆነ፤ ምሥራቅ "አባባ ትምህርት ሊጀምሩ ነው?" ትለኛለች። እኔ ገብቼ ልንገርልዎት ብላቸው "የሰው እርማት ሰው አያወጣም" ብለው ከለከሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ገባን። ጋሽ ሙሉነህ ሳይጠየቁ ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጡ። በወረቀት ጠቀለሉት። ከዚያ አንገታቸውን እንዳቀረቀሩ "አንዳንድ ደንበኞች እስክሪብቶ ይወዳሉ" አሉ። "ይጽፉበት ይሆን?"

ጋሽ አጥናፉ እቃውን ሳይዙ ወጡ። እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ተከተልኳቸው። ታክሲ ውስጥ "አውቆኛል" አሉኝ።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነዋ!" አልኩና ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። ረዳቱ እስኪያፈጥብን ድረስ ሳቅን። ከዚያ የእሳቸው ሳቅ ሳቅ መሆኑ ቀረ፤ በመሐረባቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። "ለሚመጣው ቅዳሜ እነግረዋለሁ" አሉ። "በስሙ ጠርቼ።"

ቅዳሜ ሳይደርስ ነው እንግዲህ ጋሽ ፈለቀ የደወሉልኝ።

ከጎተራ ስመጣ ላንቻ ወረድኩ። ጋሽ ሙሉነህ ሱቁን እየከፈቱ ነበር። "ጋሽ አጥናፉ አረፉ" አልኳቸው። እጃቸው ቁልፉ ላይ ቆመ።

"የእስክሪብቶው ሰውዬ?"

"አዎ።"

"ነፍሱን ይማር።" ገብተው ደብተር መደርደር ጀመሩ። ልሄድ ስል ከውስጥ "ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?" አሉ። ነገርኳቸው። አንዲት ደብተር በጠርዟ አስተካከሉ።

ምሥራቅ ቤት ድንኳን ተጥሏል። ተላቀስን። ከዚያ ምሥራቅ ያቺን አባቷ በአራተኛው ቅዳሜ የገዟትን ደብተር አምጥታ ሰጠችኝ። "ሲጽፉ ነው የሰነበቱት። ለሕይወት ታሪኩ የሚሆን ካገኘሽ" አለችኝ። ገለጥኩ። የመጀመሪያው ገጽ "አንዳንድ ጋዜጠኞች" ብሎ ይጀምርና ተሰርዟል። ሁለተኛው "አንዳንድ ጊዜ ሰው" ይልና ተሰርዟል። ሙሉ ደብተር ስርዝ! መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ምንም ያልተሰረዘበት አንድ ጽሑፍ አለ። በላዩ ላይ "እርማት" ይላል። ጋዜጣ ሲሳሳት እንደሚያወጣው።

እኔ አንብቤ ለምሥራቅ ሰጠኋት። አንብባ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ይህን ቀብር ላይ ልታነቢው ነው?"

"ሰው በተሰበሰበበት ይነበብልኝ ይላሉ እኮ።"

"ሮማን፣ አባቴ ናቸው! ገና አፈር ሳይለብሱ ፈሪ ነበሩ ብለሽ ልታዋርጂያቸው ነው?" እያለቀሰች ነው። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና "'አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻቸውን አስቀይመው ከሆነ ይቅርታ ይጠይቃሉ' በይና እለፊው፣ በቃ" አለችኝ።

እሺ አልኳት። አዎ፣ እኔው፣ ለአንድ ቃል ብዬ ጋሽ አጥናፉ ላይ የጮህኩት ሮማን፣ እሺ አልኩና እንዳለችኝ ጻፍኩት። የአባቷ ሬሳ እዚያው ቤት ውስጥ ተኝቶ ምን ብዬ ልከራከራት? ደብተሯን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሞልቷል። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ በየአቅጣጫው የተበተነው ጎረቤት ሁሉ መጥቷል፤ እትዬ በላይነሽም ከዘራ ይዘው ከፊት ቆመዋል። ማይኩን ሰጡኝ። ከአባታቸው ከእከሌ፣ ከእናታቸው ከእከሊት፣ ሁሉንም እንደ ደንቡ አነበብኩ። በጋዜጠኝነት ስለማገልገላቸው አነበብኩ። ደግ አባት፣ መልካም ጎረቤት መሆናቸውን አነበብኩ። ከዚያ ያቺ መስመር ጋ ደረስኩ።

"አንዳንድ የሥራ..." ብዬ ቀና ስል ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ ጥዱ ሥር፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ነጭ ጠጉር ያላቸው ቀጭን ሰው አየሁ። ጋሽ ሙሉነህ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዓይኔ በራሱ ጊዜ ሽቅብ ወደ ሰማይ ሲሄድ ተሰማኝ። አቤት የዚያን ጊዜ ያፈርኩት ማፈር!

"ይቅርታ" አልኩ በማይኩ። "እርማት አለ።"

ምሥራቅን አላየኋትም። ባያት አላነበውም ነበር። ደብተሯን አወጣሁ፦

"እርማት። 'አንዳንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ወረቀት ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ' ብዬ የጻፍኩት እኔ አጥናፉ ነኝ። ሙሉነህን ማለቴ አልነበረም። ሙሉነህ የሰው ነገር ነክቶ አያውቅም። 'እኔን ነው?' ብሎ ሲጠይቀኝ 'አይደለህም' ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። ጽሑፉን ብዙ ሰው አንብቦታል፤ እርማቱም ሰው በተሰበሰበበት ይነበብልኝ። ሙሉነህ፣ አንተ አይደለህም።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ በላይነሽ ከፊት ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው "ሙሉነህ ማነው?" አሉ፤ ግቢው ሁሉ ሰማቸው።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። እንደ ተማሪ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ሙሉነህ።

ሰዉ ዞሮ መንገድ ከፈተላቸው። የመጀመሪያዋ ወደ እሳቸው የሄደችው ምሥራቅ ናት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። አቅፋቸው ስታለቅስ ነው ያየሁት፤ እሳቸው ጃንጥላውን ለሁለታቸው ዘርግተው ነበር።

ቀብሩ አልቆ ሰው ሲበተን ጋሽ ሙሉነህ ወደ እኔ መጡ። "ወረቀቷን አሳዪኝ" አሉኝ። ደብተሯን ሰጠኋቸው። ለዓይናቸው አስጠግተው፣ ጣታቸውን ፊደል በፊደል እያስኬዱ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ ምሥራቅን ቀና ብለው አዩአት። እሺ አለቻቸው። ገጿን በጥንቃቄ ገነጠሉ፣ ለአራት አጠፉና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት። ኪሳቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

"ይቺን ወረቀት ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ" አሉኝ። "ይህን ታሪክ ከጻፍሽው በስሜ ጻፊው።"